ሃምቡርግ የሚኖሩት አባት

ጀርመንኛ ለመማር ስመዘገብ ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ለጠየቀኝ ሁሉ "የጀርመን ፈላስፎችን በራሳቸው ቋንቋ ላነብ ነው" እል ነበር። ንፋስ መውጫ ውስጥ ይህን ቅጥፈት የተጠራጠረ ሰው አልገጠመኝም። ፈላስፎቹን ስለሚያውቋቸው ሳይሆን እኔን ስለሚያውቁኝ ነው። ሰው የወደደውን ነገር ሁሉ እየነቀፍሁ የምጽፍ፣ አገር ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ ካልሄድሁ ምግብ የማይረጋልኝ ሰው ነኝ። "ይኸ ደግሞ አዲሱ ነው" ብለው ተዉኝ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። እህቴ ከእስቴ ደወለችና "ልጅቱን በዚያ መንገድ ብቻዋን አልሰድም፤ አንተም አብረሃት ትማራለህ" አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፈላስፎቹ በኋላ የመጡ ናቸው።

የእህቴ ልጅ ነርስ ናት። ማለትም በነርስነት ተመርቃለች፤ ከተመረቀች ሦስት ዓመቷ ነበር። በየሳምንቱ መካነ ኢየሱስ ድረስ እየሄደች ማስታወቂያ ሰሌዳ ታነባለች። ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው አንዳንዴ የሾፌር ቦታ ነው፣ አንዳንዴ የጥበቃ፣ አንዳንዴ ደግሞ ያለፈው ወር ማስታወቂያ ዝናብ አጥቦት እዚያው ይቆያል። በመጨረሻ አብራት የተማረች ጓደኛዋ ጀርመን አገር ከሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ጋር አገናኘቻት። ደብዳቤው ጨዋ ነበር። የጀማሪ ደረጃ የቋንቋ ምስክር ወረቀት እስከ መስከረም ካመጣች እየሠራች እንድትማር ይቀበሏታል፤ ካላመጣች ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ፤ መልካም ዕድል ይመኙላታል። የእስቴ ሽማግሌዎች የሚያገላብጣቸው አጥተው እየኖሩ የእስቴ ልጅ የሃምቡርግን ሽማግሌዎች ልታጥብ መሄዷ ላይ ብዙ የምለው ነበረኝ። አንድ ጽሑፍ ጀምሬም ነበር። እህቴ በደወለች ማግስት ተውሁት።

ኮርሱ የሚሰጠው ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። መጨረሻ ላይ የቃል ፈተና አለ፤ እሱን ያለፈ ብቻ ለዋናው ፈተና ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ስለዚህ ልጅቱ ሁለት ነገር ይቀራት ነበር። አንዱ ይህ ፈተና ነው። ሌላው የአባቷ ቃል ነው። አባቷ ከጥር ጀምሮ ሂጂም ቅሪም አላሉም። ሲጠየቁ "እስቲ ትማር" ይላሉ፤ ከዚያ ስለ ገብሱ ማውራት ይጀምራሉ። እሷ ደግሞ "አባዬ አፋቸውን ሞልተው ሂጂ ካላሉኝ አልሄድም" ብላ ለእናቷ ነግራለች። ስታወራ ለስላሳ ናት፤ ስትወስን ግን የአባቷ ልጅ ናት።

ከእስቴ የሚነሣው አውቶቡስ መቼ እንደሚነሣ ሾፌሩም ስለማያውቅ እኔ ቤት ተቀመጠች። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ተራ እንወርዳለን። ሚኒባሱ እስኪሞላ እንጠብቃለን፤ ሞላ ከተባለ በኋላ ሌላ አራት ሰው እስኪገባ ደግሞ እንጠብቃለን። ከዚያ የጉና ብርድ በተሰነጠቀው መስኮት እየገባ ጉልበቴን ይሠራልኛል። መንገዱ የተዘጋባቸው ቅዳሜዎችም ነበሩ፤ ተራው ላይ ቆመን ቆመን "ዛሬ የለም" ተብለን እንመለሳለን። ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ደክሞናል። አገሩም ደክሞታል፤ ሚኒባሱም እንደዚያው።

ክፍሉ ውስጥ ሃያ ያህል ነበርን። ነርሶች፣ ሥራ የሌላቸው መሐንዲሶች፣ ከስማዳ ወገዳ ድረስ የሚመጣ አንድ የሒሳብ መምህር። ሁሉም የሚማሩት ለመሄድ ነው። ላለመሄድ የምማር እኔ ብቻ ነበርሁ። መምህራችን ጀርመን ኖሮ የተመለሰ ወጣት ነው፤ መመለሱ ለተማሪዎቹ ከጀርመንኛው የበለጠ ምስጢር ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አንዱ መሐንዲስ አላስችል አለው።

"መምህር፣ እንደ ወንድም ንገረን። አባረውህ ነው?"

"ኧረ በገዛ እጄ ነው የመጣሁ። ናፍቆኝ።"

"ምን?"

"ደብረ ታቦር።"

ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። መምህሩም አብሮ ሳቀ፤ ቀልድ አለመሆኑን ያወቅሁት እኔ ብቻ ይመስለኛል።

የሚሰጠን ትምህርት ባቡር ጣቢያ የት እንደሆነ መጠየቅ፣ ምግብ ቤት ገብቶ ማዘዝ፣ አፓርታማ መከራየት ነው። ባቡር ያየ ከመካከላችን ማንም የለም። ከመጽሐፉ ውስጥ ከጋይንት ሰው ጋር የሚተዋወቅ ድንች ብቻ ነበር። መጽሐፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያስኬዱት አንዲት ሴትዮ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ባንክ ይሠራሉ፤ ብስክሌት ይወዳሉ፤ እናትና አባታቸው ተፋተዋል፤ እናትየዋ አንድ ድመት ይዘው ይኖራሉ፤ አባትየው ሃምቡርግ ናቸው። ስድስት ወር ሙሉ ከእኚህ ሴትዮ ጋር ኖርን።

ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት "ከቃል አትያዙት፤ ተናገሩበት" አለን። ይህን ስሰማ ተቃውሞዬ ተነሣ። በልጅነቴ ለተወሰኑ ዓመታት የኔታ ዘንድ ቆጥሬአለሁ። የእህቴ ባል ደግሞ ከእኔ ይብሳሉ፤ ለጋ ሳሉ ከእስቴ ተሻግረው ጋይንት ሰባት ዓመት በቆሎ ተማሪነት ኖረዋል፤ አባታቸው ሲሞቱ ነው ትምህርቱን ትተው ሞፈር የጨበጡት። እኛ ትምህርት የምንለው መምህሩ ፊት መጽሐፍ ሳይያዝ እንደ ውኃ የሚወርደውን ነው።

"መምህር" አልሁት "እኛ አገር ውዳሴ ማርያም ከቃል የሚያዘው ትርጉሙ ሳይታወቅ ነው። ትርጓሜ በኋላ ይመጣል።"

"ስንት ዓመት በኋላ?"

"እንደ ተማሪው ነው።"

"እኛ ያለን ስድስት ወር ነው፣ ጋሼ።"

ተሳቀብኝ። ሰው ሲስቅብኝ ትክክል መሆኔን የማመን የቆየ በሽታ አለብኝ። ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ ልጅቱን ፊቴ አስቀምጬ መጽሐፉን እኔ እይዛለሁ፤ እሷ በቃሏ ትወርደዋለች። አንዲት ቃል ከዘለለች በእስክርቢቶዬ ጠረጴዛውን ኳ አደርጋለሁ፤ ከላይ ትጀምራለች። የኔታም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉን፤ የእሳቸው አለንጋ ነበር እንጂ። ልጅቱ ጭንቅላቷ ለጉድ ነው። በፋሲካ ሰሞን አምስት ምዕራፍ ይዛ ነበር። እኔ በበኩሌ ከሁለተኛው ምዕራፍ አልተነሣሁም፤ አስተማሪ ግን መያዝ አይጠበቅበትም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አንድ ቀን አቋረጠችኝ። "አጎቴ፣ እኔ ግን ስለ እኛ ቤት ማለት ብፈልግስ?"

"መጽሐፉን ጨርሺ። ስለ እኛ ቤት በኋላ ትደርሽበታለሽ።"

"የሴትዮዋን ቤት እኮ ነው የምሸመድደው።"

"የሴትዮዋ ቤት ምን ጎደለው?"

"እናትና አባቷ ተፋተዋል።"

"እንኳን ተፋቱ። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው። ቀጥዪ!"

ሳቀችና ቀጠለች። ያን ጊዜ ብሰማት ኖሮ ብዬ አሁን አልጸጸትም፤ መጸጸትም ጉልበት ይጠይቃል።

ፈተናው ሰኔ ላይ ሆነ። በሰኔ ገበሬ ማሳውን ትቶ የትም አይሄድም፤ ሰማዩ ይከፈታል፣ መሬቱ ይለሰልሳል፣ አንድ ቀን ያለፈው አለፈው ነው። የእህቴን ባል ግን በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ታቦር መናኸሪያ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ቆመው አገኘናቸው።

"እንዴት አደሩ! በሬዎቹን ለማን ተዉአቸው?" አልኋቸው።

"አርፈው ይዋሉ። እነሱም እንደ አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ይሁኑ ለአንድ ቀን።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ነይ እስቲ፣ ልስማሽ።"

መናኸሪያው ጥግ ካለች ሻይ ቤት ገባን። ሻዩ ሳይመጣ "በይ" አሏት። ልጅቱ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጀመረች። ሦስት ምዕራፍ ትንፋሽ ሳያጥራት ወረደችው። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ዞረው አዩ። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው በዱላቸው ጫፍ መሬቱን በቀስታ እየመቱ ያዳምጣሉ። "እናትና አባቴ ተፋተዋል፤ አባቴ ሃምቡርግ ይኖራል" የሚለው ቦታ ስትደርስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። እኔ ሻዬን አየሁ።

"ዜማ ይጎድለዋል እንጂ ንባቡ ወንዝ ነው" አሉ ሲያበቃ። "ምን ምን ይላል?"

ልጅቱ አየችኝ።

"ስለ ቤተሰብ ነው" አልሁ።

"ጥሩ። ቤተሰብ ጥሩ ነው።" ሻያቸውን አነሡ።

ፈተናው ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚገቡበት ነበር፤ አንዱ ሌላውን ይጠይቃል፣ ይመልሳል። እኔና ልጅቱ አንድ ላይ ደረሰን። ክፍሉ ከመሬት ጋር እኩል ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። አባቷ ከመስኮቱ በታች ፀሐይ ላይ ያለ ድንጋይ መረጡና ተቀመጡ። "ከዚህ ይሰማኛል" አሉ። ከመምህራችን ጎን ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ሴት ሊፈትኑን ተቀምጠዋል።

መጀመሪያ እኔ ራሴን አስተዋወቅሁ። ስሜን በትክክል ተናገርሁ። ዕድሜዬን ስናገር ከመቶ በላይ እንደሆንሁ ከመምህሩ ፊት ገባኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልፈዋለሁ።

ተራው የእሷ ሆነ። ቀና ብላ ጀመረች። ስሜ ብላ የሴትዮዋን ስም ተናገረች። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ነው። ባንክ ትሠራለች። ብስክሌት ትወዳለች። ድምፅዋ አይንቀጠቀጥ፣ ቃል አትዘልል። ፈረንጇ የልጅቱን ፎቶ ከያዘው ቅጽ ላይ ቀና ብለው አዩዋት፤ እንደገና ቅጹን አዩ። መምህሩ እኔን ነበር የሚያየኝ። ከመስኮቱ ውጭ ዱላ መሬቱን በቀስታ ይመታል።

መምህሩ በእርጋታ አስቆማት። "በጣም ጥሩ። አሁን ደግሞ ስለ አንቺ።"

እንደገና ጀመረች፤ ከላይ፣ ከሴትዮዋ ስም። ወዲያው ራሷ አቆመች። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ሦስት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የቆመች፣ ስድስት ወር በጉና ብርድ የተመላለሰች ልጅ፣ ስለ ራሷ አንድ ዐረፍተ ነገር አልነበራትም። ስለ እኛ ቤት ልበል ስትለኝ ጠረጴዛ የመታሁት እኔ ነኝ። ቦታው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው፤ መልካም ዕድል ሊመኙላት ነው።

መጠየቅ የእኔ ድርሻ ነበር። ከማውቃቸው አራት ጥያቄዎች አንዱ ትዝ አለኝ።

"ቮ ቮንት ዳይን ፋተር?" አልኋት። አባትሽ የት ይኖራል ማለት ነው።

"ሃምቡርግ" አለች፤ ከአፏ ፈጥኖ ወጣ። ልማድ ነው።

ቀጥሎ ወደ መስኮቱ አየች። ከዚያ የሚታየው የአንድ ሰው የጋቢ ጥለትና የዱላ ጫፍ ነው።

"ናይን" አለች፤ አይደለም ማለቷ ነው። "አባቴ እስቴ ይኖራል።"

ፈረንጇ እስክርቢቷቸውን አነሡ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ወንዝ አልነበረም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነበር። አባቴ ገበሬ ነው። እናቴ ከአባቴ ጋር ትኖራለች። አልተፋቱም። ድመት የለንም። በየቃሉ መካከል ቆም ብላ ታስባለች፤ ውጭ ዱላው መሬቱን መምታት አቆመ። "አባቴ ሁለት..." ብላ ቆመች። መጽሐፉ በሬ አያውቅም። ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፤ እኔ ምን አውቃለሁ? በጀርመንኛ የምናውቀው እንስሳ ድመቷና መጽሐፉ ውስጥ የወተት ካርቶን ላይ የተሳለችው ላም ብቻ ነው። "አባቴ ከሁለት ላሞች ጋር ይሠራል" አለች።

መምህሩ ከንፈሩን ነከሰ። የደብረ ታቦር ልጅ ነውና ገብቶታል። ፈረንጇ ግን ደስ አላቸው። ላሞቹ ስም አላቸው ወይ ብለው ጠየቋት።

ይህችን ጥያቄ ታውቃለች። "አንዱ ቦራ፣ ሌላው ዳለቻ" አለች።

መስኮቱ ላይ ጥላ ወደቀ። አባቷ ተነሥተው ቆመዋል። እጃቸውን የመስኮቱ ደፍ ላይ አድርገው ወደ ውስጥ ያያሉ። መምህሩ በምልክት እንዲቀመጡ ለመናቸው፤ አልተቀመጡም።

ውጤቱን በዚያው ዕለት ነገሩን። እሷ አለፈች፤ ለጥቂት፣ ግን አለፈች። እኔ ወደቅሁ። መምህሩ እጄን ጨብጦ "በሚቀጥለው ዙር ይምጡ ጋሼ፤ ፈላስፎቹ የትም አይሄዱም" አለኝ።

ውጭ ስንወጣ አባቷ ፊታቸው ጠቁሯል።

"መጀመሪያ ደኅና ወረድሽው" አሏት። "በኋላ ምን ነካሽ? ምነው ተደናቀፍሽ?"

"አልፌያለሁ፣ አባዬ።"

"አልፈሻል? እንደዚያ እየተደናቀፍሽ?"

እሷ መሬት መሬት ስታይ እኔ ገባሁበት። "የተደናቀፈችው ስለ እርስዎ ስትናገር ነው" አልኋቸው። "የመጀመሪያው የሌላ ሰው ነበር።"

ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "በሬዎቼን ስትጠሪ ሰምቻለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ከዚህ ሁሉ የሰማሁት እሱን ነው። ምን አልሻቸው ስለ እነሱ?"

ልዋሽላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ቀደመችኝ።

"በሬ የሚለውን ስላላወቅሁት ላም ብያቸዋለሁ።"

"ቦራን?"

"አዎ።"

"ቦራን ላም! እኔ ላም ጠምጄ ነው የማርሰው?" ግቢው ውስጥ የሚያልፉ ተማሪዎች ዘወር ብለው አዩ። "ለፈረንጅ? እዚያ ቁጭ ብለው እየጻፉት?"

"ጽፈውታል፣ አባዬ።"

ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እየሳቁ መሆናቸውን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ሲያበቁ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ለመጥረግ ግን ሳቁ ከሚፈልገው በላይ ቆዩ።

"እንዲህ ተብሎ ተጽፎ አይቀርም" አሉ። "ሂጂ። ሂጂና አስተካክዪልኝ።"

ልጅቱ ከጥር ጀምሮ የጠበቀችውን ቃል ሰምታ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ ቆመች። አውቶቡሱ እንዳያመልጣቸው አባቷ ቀድመው ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀመሩ፤ በሰኔ አንድ ቀን ባክኗል፣ ሰኞ ጠዋት ቦራና ዳለቻ ይጠበቃሉ። ከኋላቸው ተከተልን። ጉልበቴን ያመኝ ነበር። መጽሐፉን እኔ ነበርሁ የያዝሁት፤ ክብደቱ የተሰማኝ ያን ጊዜ ነው።